መኪናውን ማን ነዳው? የአንድ ሐኪም የእርዳታ ማስታወሻ በባሕር ዳር የንባብ ክበባችን

የንባብ ክበብ ያላቸው ወዳጆች ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ያመጡልኛል። «ልብ ወለድ ብቻ ሰለቸን። ታሪክ ስናነሣ ደግሞ ጭቅጭቅ ይሆናል። ምን እናንብብ?» ሰሞኑን የምመልሰው፣ የእርዳታ ሠራተኛ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ፈልጉ ብዬ ነው። ታሪክም ነው፣ ጉዞም ነው፣ ሕክምናም አለበት። ጭቅጭቁም አይቀርም፤ ግን የሚጠቅም ዓይነት ነው። አነባበቡ ትንሽ ዘዴ ይፈልጋል። እኛ ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁና የሚበጃችሁን ውሰዱ።

እኛ የመረጥነው የማርሴል ጁኖን መጽሐፍ ነው። ጁኖ ስዊሳዊ ሐኪም ነው። በፈረንጆቹ 1935 ፈረንሳይ ውስጥ ሙሉዝ በምትባል ከተማ በቀዶ ጥገና ሐኪምነት ይሠራ ነበር። ገና ወጣት ነው። ከጄኔቫ ስልክ ተደወለለት። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጣሊያን ወደወረራት ኢትዮጵያ ትሄዳለህ ወይ አለው። እሺ አለና ሲድኒ ብራውን ከሚባል ባልደረባው ጋር መጣ። ከዚህ በኋላ ኑሮው መንገድ ላይ ሆነ። ከኢትዮጵያ ወደ እስፔን የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምርኮኛ ካምፖች፣ በመጨረሻም ቦምቡ ከተጣለ ከአንድ ወር በኋላ ወደ ሂሮሺማ ሄደ። ይህን ሁሉ በ1947 በፈረንሳይኛ አሳተመ። ርዕሱ «ሦስተኛው ተዋጊ» የሚል ነው። ሁለት ወገን ሲዋጋ መሣሪያ ሳይዝ መሐል የሚገባውን ሰው ማለቱ ነው። እኛ እጅ የገባው የእንግሊዝኛው ትርጉም ነው።

መጀመሪያ የታሰበው የአንሪ ዱናን መጽሐፍ ነበር። ዱናን በ1859 ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሶልፌሪኖ ላይ ከተደረገ ጦርነት በኋላ ሜዳ ላይ የቀሩትን ቁስለኞች አይቶ በ1862 የጻፈው ነው። የቀይ መስቀል ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት በ1864 ተፈረመ። መጽሐፉ ቀጭን ነው፤ በቅዳሜና እሁድ ያልቃል። ግን ሁሉም የሚስማማበት መጽሐፍ ለክበብ አይሆንም። ዱናንን አንብቦ «አይ፣ ተሳስቷል» የሚል ሰው አይገኝም። ጁኖ ግን ስለ እኛ ነው የጻፈው። ስለዚህ የምንለው ይኖረናል።

ክበባችን ትንሽ ናት፤ እንደ ሰርገኛ ጤፍ የተቀላቀለች። መምህራን አሉ። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። ፓዌ ያደገ የባንክ ሠራተኛ አለ። ጡረታ የወጡ ነርስ አሉ፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ከዚያም ውስጥ ብዙውን ዘመን ለእርዳታ ድርጅቶች የነዱ ሰው አሉ፤ እሳቸውን ጋሼ እንላቸዋለን። የምንሰበሰበው ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ሐይቁ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ጓሮ ነው። ከሰዓት ከጣና የሚነሣው ንፋስ ወረቀት ይበትናል፤ ስለዚህ ሁላችንም ስልካችንን ወረቀት ላይ መጫን ለምደናል። ሲመሽ መንገዱ ስለሚያሳስብ በጊዜ እንበተናለን። ይህም ጠቅሞናል። ሰዓት ሲያጥር ሰው ወሬ አያስረዝምም።

ቋንቋው የመጀመሪያው ችግር ነበር። ከክበቡ ግማሹ እንግሊዝኛ ያነባል፤ ግን ለሥራ እንጂ ለደስታ አያነብም። መጽሐፉን ለሁሉም አከፋፍሎ «አንብባችሁ ኑ» ማለት ከጅምሩ ግማሹን ሰው ማስቀረት ነው። ያደረግነው እንዲህ ነው። አንድ ሰው አንድ ክፍል ይወስዳል። ቤቱ ያነባል። ሲመጣ እንደ ተረት በአማርኛ ይተርክልናል። ከዚያ ውስጥ ዋና ነው ያለውን አንድ ሁለት ገጽ ቃል በቃል ተርጉሞ ጮክ ብሎ ያነብልናል። ትረካው ቀሎ ይሄዳል፤ የሚነበበው ገጽ ግን የጸሐፊው የራሱ ቃል ስለሆነ ክርክሩን የምናደርገው በእሱ ላይ ብቻ ነው። ትረካው ላይ ከተከራከራችሁ የምትከራከሩት ከጓደኛችሁ ጋር ነው፤ ከጁኖ ጋር አይደለም።

ክፍል ስታድሉ የሰውን ሙያ እዩ። የሕክምናው ገጽ ለሲስተር ደረሰ። የስምምነትና የሕግ ነገር ለታሪክ መምህሩ ተሰጠ። ሲስተር በመጀመሪያ ያስረዱን «የስዊድን አምቡላንስ»፣ «የእንግሊዝ አምቡላንስ» ሲባል መኪና እንዳይመስለን ነው። ያኔ አምቡላንስ ማለት ሐኪም፣ አስታማሚ፣ ድንኳን፣ የጭነት መኪና ወይም በቅሎ ያለው ሙሉ ቡድን ነው። ይህ ካልተነገረ አንባቢው «አንድ አምቡላንስ ተመታ» ሲባል ነገሩን አሳንሶ ያልፈዋል።

ካርታ ሳትዘረጉ አትጀምሩ። የቀን መቁጠሪያም እንዲሁ። ጁኖ የሚጽፈው በፈረንጅ ቀን ነው፤ እኛ ጦርነቱን የምናውቀው በ1928 ዓ.ም. ነው። አንዷ ተማሪ ትልቅ ወረቀት ላይ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፈችልን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው። ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። የስዊድን አምቡላንስ ደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የተመታው ታኅሣሥ 20 ነው። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ሲውል ታሪኩ ሁሉ የአንድ በጋ ነገር መሆኑን አየን። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ብቻ! ሁላችንም በሐሳባችን ረጅም አድርገነው ነበር።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ ልምጣ። ክበባችን የተለወጠው በእሱ ነውና።

ታሪክ መምህሩ ሐኪሙ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ግንባር ስለመጓዙ እየተረከ ነበር። ሐኪሙ እዚህ ደረሰ፣ ሐኪሙ እዚያ አደረ ይላል። ጋሼ እጃቸውን አነሡ። «መኪናውን ማን ነዳው?» አሉ። መምህሩ ፈገግ ብሎ ሊያልፍ ሲል ጋሼ አልለቀቁትም። «አይ፣ የምሬን ነው። ያኔ እኮ ይሄ አስፋልት የለም። ጎማ ሲፈነዳ ማን ወረደ? ነዳጁን ማን ተሸከመው? ጭቃ ውስጥ ሲገባ ማን ገፋ? ፈረንጁ ከገበሬው ጋር ሲነጋገር ማን አስተረጎመ?»

ከዚያ በኋላ ደንብ አደረግነው። እያንዳንዱ ትዕይንት ሲነበብ አንድ ሰው ወረቀት ይይዛል። እዚያ ቦታ መኖር ያለባቸውን ሰዎች ሁሉ ይጽፋል። ስም ያለውን በቀኝ፣ ስም የሌለውን በግራ ያደርጋል። በግራ በኩል ሾፌር፣ አስተርጓሚ፣ በቅሎ ጫኝ፣ ቃሬዛ ተሸካሚ፣ ዘበኛ፣ ውሃ ቀጂ ይሰበሰባሉ። ቀኝ በኩል አንድ ወይም ሁለት ስም ይኖራል። መልካ ዲዳ ላይ ጉንናር ሉንድስትሮም የሚባል ስዊድናዊ ሞቷል። ስሙ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ድንኳኑ ውስጥ ተኝተው የነበሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ሕሙማንም ሞተዋል። እነሱ በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ ቁጥሩም ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል።

ጋሼ የራሳቸውንም ነገሩን። እሳቸው ሲነዱ ኋላ የተቀመጡት እንግዶች ሪፖርት ይጽፋሉ። አንድ ቀን አንደኛው እንግሊዝኛ የሚችል የአገሬው ባልደረባ ሪፖርቱን አነበበላቸው። «የኔ ስም እዚያ ውስጥ 'መኪና' ነው» አሉን እየሳቁ። «'መኪና ተልኳል'፣ 'መኪና ዘግይቷል'። ዘግይቶ አያውቅም፤ እሱ እንኳ ውሸት ነው።»

ይህን የምለው ጁኖን ለመውቀስ አይደለም። አውሮፕላን በላዩ የሚያንዣብብበት ሐኪም የሁሉን ሰው ስም መዝገብ ይያዝ ማለት ግፍ ነው። ግን ስም የሌላቸውን መቁጠር አንባቢውን ያነቃዋል። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን የሚያነበው የአንድ ጀግና ታሪክ አድርጎ አይደለም። እርዳታ የሚባለው ነገር በምን በምን እንደሚቆም ያያል።

የኮረም ምዕራፍ ከሁሉ ከበደን። ጁኖ ወደዚያ የሄደው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከሚባል ስዊድናዊ አብራሪ ጋር፣ የቀይ መስቀል ምልክት ባለው አውሮፕላን ነው። ወሩ መጋቢት ነው፤ ከማይጨው ውጊያ ጥቂት ቀደም ብሎ። አውሮፕላናቸው መሬት ላይ ቆሞ እያለ የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሉት። ጁኖ ከሰማይ ፈሳሽ ሲረጭ በዓይኑ አየ። ከዛፍ ሥር በብዛት የተኙ፣ እግርና እጃቸው በመርዝ ጋዝ የተቃጠለ ሰዎች አየ። ቁስለኞቹ «አቤት፣ አቤት» ሲሉ መስማቱን ጽፏል። ገጹን ታነብልን የነበረችው ተማሪ እዚያ ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። ሌላ ሰው ተቀብሎ ጨረሰው። ስለዚህ ምክሬ፣ እንዲህ ላለ ገጽ ሁለተኛ አንባቢ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ሲስተር ዝም ብለን እንድንተክዝ አልፈቀዱም። የሰናፍጭ ጋዝ ምን እንደሚያደርግ በእርጋታ አስረዱን። ሲነካ ወዲያው አያምም። ከሰዓታት በኋላ ነው ቆዳው የሚቀላውና ውሃ የሚቋጥረው። ዓይን ያሳብጣል። ከተነፈሱት ሳንባ ያቆስላል። እንደ ጭስ በንኖ አይጠፋም፤ ሣርና ቅጠል ላይ ይቀመጣል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በቶሎ ማጠብና ልብሱን ማውለቅ ብቻ ነው ያለው። «እንግዲህ አስቡት» አሉ ሲስተር። «ባዶ እግሩን የሚሄድ ወታደር፣ መለወጫ ልብስ የሌለው፣ ነገ እንደሚነሣበት ዛሬ የማያውቅ።» ጋዙን መጠቀም የሚከለክለው ስምምነት በፈረንጆቹ 1925 ጄኔቫ ላይ ወጥቷል። ጣሊያንም ተቀብላዋለች። ድርጊቱን ግን በመንግሥት ደረጃ ያመነችው በፈረንጆቹ 1996 ነው።

ወሬው ከዚያ ወደ ቤታችን መጣ። ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ሽሬ ነው የዘመቱት። ታኅሣሥ ወር ላይ ተከዜ አካባቢ መርዝ የያዙ በርሜሎች ከአውሮፕላን ተጥለውባቸዋል። እኛ ጣና ዳር ቁጭ ብለን የኮረምን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ነገር ስንሰማ አንደኛው መምህር አያቱ ከዚያ ጦር ውስጥ እንደነበሩ ነገረን። ስለ ውጊያው ሲጠየቁ አፍ አውጥተው አያወሩም ነበር አለ። እግራቸውን ያሳዩ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስታነቡ የቅርብ ጊዜ ቁስል ይነሣል። አይቀርም። እዚህ ክልል ያለ ሰው ያለፉት ዓመታት ያሳዩትን አሳይተውታል። እኛ የተስማማነው በዓይናችን ያየነውን ብቻ ለመናገር ነው። የሰማነው፣ ስልክ ላይ ያየነው፣ «ይባላል» የሚባለው ለሌላ ቀን ይቆያል። ማን አደረገው የሚለውንም እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንፈርድም። ደንቡ ፍርሃት ነው የሚል ተማሪ ነበር። ምናልባት ልክ ነው። ግን በዚህ ደንብ ምክንያት ነው ሁሉም ሰው እስከዛሬ የሚመጣው።

ከዚሁ የወጣ ሌላ ዘዴም አለ። የጸሐፊውን ቃል በሦስት ዓምድ እንከፍላለን፦ አየሁ፣ ሰማሁ፣ መሰለኝ። አውሮፕላኑ ፈሳሽ ሲረጭ ማየቱ «አየሁ» ነው። የጣሊያን አብራሪው የቀይ መስቀሉን ምልክት እያወቀ ነው የመታው የሚለው «መሰለኝ» ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ይመዘናል። ጣሊያኖች ደግሞ ኢትዮጵያውያን በቀይ መስቀል ምልክት ተከልለው መሣሪያ ያጓጉዛሉ ብለው ይከሱ ነበር። ይህ የት ዓምድ ይገባል? አንድ ሙሉ ከሰዓት ወሰደብን። ጸሐፊውን ቅዱስ ነው ወይስ ሰላይ ወደሚል ፍርድ ቤት ከመውሰድ ይህ ይሻላል። «ፈረንጅ ሁሉ ሰላይ ነው» የሚል ሰው በየክበቡ አይጠፋም። «ፈረንጅ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» የሚልም አይጠፋም። ሁለቱንም ዓምዱ ላይ ጻፍ ስትሏቸው ዝም ይላሉ።

የአዲስ አበባው ምዕራፍ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከተማዋን ለቀው ወጡ። ጣሊያን የገባው ሚያዝያ 27 ነው። በመሐል ዘረፋና ቃጠሎ ነበር። ጁኖ እዚያው ነበር። ኮረም ላይ የነበረው የእንግሊዝ አምቡላንስ መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ ቁስለኛ ሲረዳ በጥይት ተመትቶ ሞተ። የመታው ጣሊያን አይደለም። «ይሄን ብንዘለው ምን አለበት?» ያለ ሰው ነበር። አልዘለልነውም። ለኮረም ያዘነ አንባቢ ይህንም ማንበብ አለበት ብዬ አምናለሁ። ባይሆን መጽሐፉን የምናነበው ለመታዘን ብቻ ይሆናል።

ትልቁ ክርክር የተነሣው ግን መጽሐፉ መቼ ወጣ ከሚለው ነው። በፈረንጆቹ 1936 የመንግሥታቱ ማኅበር ስለ መርዝ ጋዙ ያለውን መረጃ እንዲሰጠው ዓለም አቀፉን የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጠየቀ። ኮሚቴው ገለልተኛ ነኝ ብሎ አልሰጠም። ጁኖ ያየውን ለሁሉም በመጽሐፍ ያስነበበው በ1947 ነው። ተማሪዎቹ ተቆጡ። «ያየ ሰው እንዴት ዝም ይላል? ያኔ ነበር የሚጠቅመው!» ሲስተር ደግሞ በሌላው በኩል ቆሙ። ከተናገሩ ይባረራሉ፤ ከተባረሩ ቁስለኛውን ማን ያክመዋል? ደግሞ ነገ እስረኛ ለመጎብኘት የሚያስገባቸው ማን ነው? ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ድርጅት በፈረንጆቹ 1971 በፈረንሳይ ሲቋቋም መነሻው ይኸው ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ቢያፍራ ላይ በቀይ መስቀል ሥር የሠሩ ሐኪሞች ዝም በሉ መባሉ አላስቻላቸውም።

እዚህ ላይ ታሪክ መምህሩ ወደ 1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሰደን። የዚያ ድርጅት የፈረንሳይ ክፍል እዚህ አገር ይሠራ ነበር። መንግሥት ከወሎና ከትግራይ ሰውን በግድ እያነሣ ወደ ሌላ ቦታ ያሰፍራል ብሎ በአደባባይ ተናገረ። በ1978 ዓ.ም. ተባረረ። በሰፈራው በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ ሰው ተጓጉዟል። ከመዳረሻዎቹ አንዱ የያኔው ጎጃም፣ መተከል፣ ፓዌ ነው። ከባሕር ዳር ሩቅ አይደለም።

የባንክ ሠራተኛው እስከዚያ ድረስ ዝምተኛ ነበር። «እኛን እኮ ነው የምታወሩት» አለ። ቤተሰቦቹ ከወሎ የመጡ ናቸው። እሱ ፓዌ ተወለደ። «የተናገሩትም ተባረሩ። ዝም ያሉትም እህል ሰጡ። አባቴን ግን መሄድ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ከሁለቱም ወገን የለም» አለን። ቀጠለና የጣና በለስ ፕሮጀክትን አነሣ። ፓዌ ላይ መንገዱን፣ እርሻውን፣ ሆስፒታሉን በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የሠራው የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ነው፤ ሥራ ተቋራጩም የጣሊያኑ ኩባንያ ሳሊኒ ነው። «አያቴ ማይጨው ዘምቷል። እኔ የተወለድኩት ጣሊያን ባሠራው ሆስፒታል ነው። ታዲያ የቱ ዓምድ ውስጥ ትጽፉኛላችሁ?» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ መልስ ግን አላገኘንለትም።

ጋሼም ኮረምን ያውቃሉ። ጁኖ ካያት ከ49 ዓመት በኋላ። በ1977 ዓ.ም. ወጣት ሾፌር ሆነው ከአሰብ ወደብ እህል እየጫኑ ወደ ሰሜን ይወጡ ነበር። ማይክል በርክ የሚባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ያን ዓለምን ያስደነገጠ ዘገባ የሠሩት በዚያው ዓመት ጥቅምት ኮረምና መቀሌ ላይ ነው። ጋሼ ከሁሉ የሚያስታውሱት ብርዱን ነው። ኮረም ደጋ ነው፤ ሌሊት ሜዳ ላይ ያደረ የተራበ ሰው ጠዋት አይነሣም። «ብርድ ልብስ ነበር የሚያስፈልገው፤ እኛ እህል ነበር የጫንነው» አሉ። ይህን የትም መጽሐፍ ላይ አንብቤው አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ከጁኖ ገጾች ይልቅ እሳቸው ያሉት ነው ሌሊቱን ሲመላለስብኝ ያደረው።

ስለዚህ ክበብ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ በእርዳታ ሥራ ውስጥ ያለፈ ሰው ጋብዙ ስላችሁ ሥራ አስኪያጁን ብቻ ማለቴ አይደለም። መጋዘን ጠባቂውን፣ አስተርጓሚውን፣ የክትባት ዘመቻ ላይ በእግሯ ቀበሌ ለቀበሌ የዞረችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋብዙ። እርዳታ የተቀበለ ሰውም ይኑር። ግን «ና ስለ ረሀቡ ንገረን» ብላችሁ አትጥሩት። እንደ ማንኛውም አባል መጥቶ ያንብብ። መናገር ሲፈልግ ይናገራል። የባንክ ሠራተኛችንን ገና ሲመጣ ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋ ነበር።

የፈረንጅ ማስታወሻ ብቻውን አይበቃም። አጠገቡ የአገር ሰው የጻፈው ይኑር። ለዚያው ዘመን የራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» አለ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» አለ። ሐዲስ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው ጣሊያን ታስረዋል። ሁለቱም በአማርኛ ስለሆኑ የቋንቋው ጣጣ ይቀራል። ዘመቻውን ከሐኪሙ ድንኳንና ከዘማቹ ሰልፍ ጎን ለጎን ስታዩት ያንኑ መንገድ የተለያየ ሰው ሲሄድበት ታያላችሁ። እኛ አሁን ከሁለቱ የትኛውን እናስቀድም በሚለው ላይ ነን።

ስለ ጊዜ ከጠየቃችሁኝ፣ መጽሐፉን ሁሉ እኩል አትከፋፍሉት። የኢትዮጵያው ክፍል ላይ ቆዩ። የእስፔኑ የምርኮኛ ልውውጥ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ሰው ጠቅለል አድርጎ ቢተርከው ይበቃል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካምፖችም እንዲሁ። እኛ እነዚህን በፍጥነት አለፍናቸው፤ የጎደለን ነገር አልተሰማንም። ሂሮሺማ ግን መዝለል አይቻልም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ከሰማይ የወረደ መርዝ ያየ ሰው የመጨረሻው ላይ ያንን ከተማ ያያል። ጁኖ ከአሜሪካኖች የተገኘ 15 ቶን ገደማ መድኃኒትና የሕክምና ቁሳቁስ ይዞ ነው የገባው።

ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ሂሮሺማን ለክረምት እናቆየውና ራስ እምሩን አሁን እንጀምር ይላሉ። ሲስተር አልተስማሙም። ሆስፒታሎቹ ፈርሰው፣ ነርሶቹ ሞተው ያ ሁሉ መድኃኒት ለማን ለማን እንደደረሰ ሳላውቅ ሌላ መጽሐፍ አልከፍትም ብለዋል። ጋሼም ደግፈዋቸዋል። እሳቸው ግን የሚፈልጉት ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማው በምን ተጭኖ እንደሄደ ነው።